ድንጋዮቹን ያነሣቸው ማን ነው? ሐርላን ስለ መጎብኘት



ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት በእጄ የያዝኩትን ነገር ላሳያችሁ። ከኋላ ለተቀመጣችሁት ላይታያችሁ ስለሚችል ልግለጽላችሁ። ይህ ገል ነው። ስፋቱ ሁለት ጣት ያህላል፤ ጠርዙ ተሸርፏል፤ በአንዱ ፊቱ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ተማሪ ሳለሁ፣ ሐርላን ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁበት ቀን፣ ከአንድ እርሻ ዳር አንሥቼ ኪሴ ከተትሁት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከጠረጴዛዬ ተለይቶ አያውቅም። ቢሮዬ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያገላብጠውና «ከየት ነው?» ይለኛል፤ እኔም ኮራ ብዬ «ከሐርላ» እላለሁ። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሐርላ ፍርስራሾችና እንዴት ልንጎበኛቸው እንደሚገባ ነው። በመጨረሻ ግን ወደዚህ ገል እመለሳለሁ፤ የምናገረው ሁሉ የሚፈተነው በእርሱ ነውና።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ሽቅብ የተጓዘ ሰው 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐርላ ይደርሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ናት፤ ሙቀቷንም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ ደንገጎ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው ግን ነፋሱ ይለወጣል። በግራና በቀኝ የጫትና የማንጎ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና የቁልቋል አጥር ይታያል። ከመኪናው ወርደን ወደ መንደሩ ጥቂት እንደተራመድን፣ በየዓመቱ ይዣቸው የምሄደው ተማሪዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ «መምህር፣ ፍርስራሹ የት አለ?»

በጥያቄው አልፈርድባቸውም። በአገራችን የጥንት ሥፍራ ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር አብያተ መንግሥት ነው። እነዚህ ቆመው የሚጠብቁን ናቸው፤ ሐርላ ግን ከእግራችን ሥር ያለች ናት። እኔም ራሴ ወደ ታች መመልከትን የተማርኩት ሩቅ አገር ሄጄ ነው። በትምህርት ምክንያት እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ጊዜ፣ ሮማውያን በሰሜኑ የግዛታቸው ጠረፍ የገነቡትን የሐድሪያንን ግንብ ለማየት ሄድሁ። ግንባታው የተጀመረው በ122 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ስሙን ሰምቼ ታላቅ ቅጥር አያለሁ ብዬ ነበር። በብዙ ቦታ ያገኘሁት ግን ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ መስመርና በጎች የሚግጡት ሣር ነው። የቀረው ድንጋይ የት ደረሰ? ብዬ ጠየቅሁ። በአካባቢው ወዳሉት የገበሬ ቤቶች፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደተሠራው የወታደር መንገድ ገብቷል ተባልሁ።

የሮማውያን ምሽግ ግን ለጎብኚ አንድ ትልቅ ውለታ ይውላል። በግዛቱ ሁሉ የተሠራው በተቀራራቢ ንድፍ ነው። ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ አራት ማዕዘን፣ አራት በሮች፣ መካከሉ ላይ የጦር አዛዡ ጽሕፈት ቤት፣ አጠገቡም እህሉን ነፋስ እንዲያገኘው ወለሉ ከፍ የተደረገ ጎተራ አለ። አንዱን ምሽግ በሚገባ ያወቀ ሰው በሌላው ውስጥ መንገድ አይጠፋበትም። ሐርላ እንዲህ ያለ ውለታ አትውልም። እዚያ ማንበብ የሚገባን የካቡን ድንጋይ ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ በጥንቃቄ የተጠረበው የትኛው ነው? በአጥሩ ሥር ቀጥ ብሎ የሚሄደው የድንጋይ ረድፍ የዛሬ አጥር ነው ወይስ የትናንት ግድግዳ? በእርከኑ ላይ የአፈሩ ቀለም ድንገት የጠቆረው ለምንድን ነው? ይህን መጠየቅ የጀመረ ጎብኚ «ፍርስራሹ የት አለ?» ማለቱን ይተዋል፤ ቆሞ የሚጠይቀው ፍርስራሹ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ድንጋዮቹን ያነሣቸው ማን ነው?

የአካባቢው ገበሬዎች ለዚህ ጥያቄ ከጥንት የወረሱት መልስ አላቸው። በዚህ ምድር ይኖሩ የነበሩት ግዙፋን ሰዎች ነበሩ ይላሉ። የሕንፃዎቹ ድንጋዮች እጅግ ትልልቅ ስለሆኑ እንደኛ ያለ ሰው ሊያነሣቸው አይችልም፤ ስለዚህ ያነሣቸው ከኛ የገዘፈ ፍጡር መሆን አለበት የሚል ነው ነገሩ። በመካከላችን ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። እኔም በወጣትነቴ ስቄያለሁ። ነገር ግን ሮማውያን ከብሪታንያ ከወጡ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ በዚያው የኖሩት የጥንት እንግሊዞች፣ የፈራረሱትን የሮማውያን ሕንፃዎች ሲመለከቱ የግዙፋን ሥራ ናቸው ብለው በግጥማቸው ተናግረዋል። ሁለቱ ሕዝቦች አይተዋወቁም፤ ያሰቡት ግን አንድ ነው። የሠሪዎቹ ስም ሲጠፋ፣ ሥራው ብቻ ሲቀር፣ የሰው ልጅ በሥራው ልክ ሠሪ ይፈጥራል። ስለዚህ ይህ ትውፊት የአላዋቂነት ምልክት አይደለም። ድንጋዩን አይቶ ማን ሠራው ብሎ ከመጠየቅ የተወለደ መልስ ነው፤ የእኛም ሙያ የሚጀምረው ከዚያው ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ ትውፊቱ አንድ ጉዳት አለው። ግዙፋን ናቸው ያልናቸው ሰዎች ዘመዶቻችን አይሆኑም። አልታመሙም፣ አልነገዱም፣ ልጅ አልቀበሩም። የአርኪዮሎጂ ትልቁ ውለታ እነርሱን ወደ እኛ ቁመት መመለሱ ይመስለኛል።

በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ ከሻምባር ጋር ሆነው ምሥራቁን የአገራችንን ክፍል ጭምር እየዞሩ የጥንት ፍርስራሾችን መዝግበው ነበር፤ ሥራቸውም በ1931 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚህች በሐርላ ግን ሰፊ ቁፋሮ የተካሄደው በእኛው ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ቁፋሮውን መርተዋል፤ የመጀመሪያው ታላቅ ውጤትም በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለዓለም ተሰማ። የተገኘውን በዝርዝር ለመናገር ሌላ ምሽት ያስፈልጋል፤ ለርእሴ የሚያስፈልገኝን ብቻ ልጥቀስ።

በመጀመሪያ መስጊድ ተገኝቷል፤ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። አሠራሩ በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት ጋር ይመሳሰላል። ይህ የሚነግረን የሐርላ ምእመናን በዚህ ተራራ ሥር ተዘግተው የኖሩ እንዳልነበሩና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስላማዊ ማኅበረሰቦች ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ነው። የመቃብር ሥፍራና የመቃብር ድንጋዮችም ተገኝተዋል። ሙታኑ በእስልምና ሥርዓት የተቀበሩ ናቸው። ቁመታቸውም የሰው ቁመት ነው።

ሁለተኛው የጌጣጌጥ መሥሪያ ነው። በዚህ ሥፍራ ብርና ነሐስ ይሠራ ነበር፤ የመስታወት ዶቃና የከበረ ድንጋይ ይስተካከል ነበር። ካርኔሊያን የተባለው ቀይ ድንጋይ፣ እንደ ውሃ የጠራ ክሪስታል፣ ብዛት ያለው ዛጎል ተገኝቷል። አንዳንዱ የአሠራር ዘዴ በዚያ ዘመን በሕንድ ጌጥ ሠሪዎች ዘንድ ከሚታወቀው ጋር ይቀራረባል። ዛጎሉን እስቲ ለአንድ አፍታ አስቡት። ቀይ ባሕር ከሐርላ እጅግ ይርቃል። ዛጎሉ ያን በረሃ አቋርጦ ተጭኖ ይመጣል፤ እዚህ ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ይሞረዳል፣ ከዚያም ጌጥ ይሆናል። በመሥሪያው ወለል ላይ የወደቀው ስባሪ፣ የተበላሸው ዶቃ፣ ያላለቀው ሥራ ሁሉ የአንድ ሰው የሥራ ቀን ቅሪት ነው። ግዙፍ ጣት እንዲህ ያለ ዶቃ ሊበሳ አይችልም። ድንጋዩን ያነሡት ብዙ ሆነው ነው፤ ዶቃውን የበሱት ግን እንደኛ ባለ ጣት ነው።

ሦስተኛው የሩቅ አገር ዕቃ ነው። ከየመን፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ገበሬዎቹ ራሳቸው ከተመራማሪዎቹ አስቀድመው በእርሻቸው ላይ የሸክላ ዕቃና የቻይና ሳንቲም ያገኙ ነበር። ሥፍራው ሰው የሰፈረበት ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይኸውም 900 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የእኛ ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ዕድሜዋ ከዚያ ዘመን አንድ ሰባተኛውን ያህል ቢሆን ነው።

ባቡሩን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዲዱ ወደ ሐረር ያልወጣው ዳገቱ ስለከበደው ነው፤ ስለዚህ ከዳገቱ ግርጌ አዲስ ከተማ ተወለደ። ሐርላም የቆመችው በዚያው ዳገት ላይ፣ ከበረሃው ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ነው። ከባሕሩ የመጣው ሸቀጥ ከደጋው ምርት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። የነጋዴውን ዓይነት ዘመኑ ይለውጠዋል፤ ዳገቱ ግን ያው ነው። ድሬዳዋ የዚህ ዳገት የመጀመሪያ የንግድ ከተማ አለመሆኗን ማወቅ ለእኛ ለነዋሪዎቿ የሚያሳንስ ነገር አይደለም።

ሐርላ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተለቀቀች። በሐረር በተደረጉ ቁፋሮዎች የተገኙት ቀናት ደግሞ የሐረር መስጊዶችና ቅጥር ያበበው ከዚያ በኋላ መሆኑን ስለሚያመለክቱ፣ በሁለቱ መካከል የመተካካት ግንኙነት እንዳለ ተመራማሪዎች ያስባሉ። የሐርላ ሕዝብ ስም በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ፣ ኋላም የኢማም አሕመድን ዘመቻ በሚተርከው በፉቱሕ አል ሐበሻ ውስጥ ይገኛል። በዚሁ መጽሐፍ የተጠቀሰችው ሁባት ይህችው የዛሬዋ ሐርላ ልትሆን ትችላለች የሚል ሐሳብም ቀርቧል።

እዚህ ላይ በድፍረት መናገር የሚገባኝ ነገር አለ። «ሐርላ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከዚህ አዳራሽ ውጭም ውስጥም ይሰማል። የሐርላን ስም በዘር ሐረጋቸውና በትውፊታቸው የሚያነሡ በሶማሌ፣ በዐፋር፣ በሐረሪና በሌሎችም ወገኖች ዘንድ አሉ፤ በዛሬው ጊዜ በሥፍራው የሚኖሩትና እርሻውን የሚያርሱት ደግሞ የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ቁፋሮው ለማንኛችንም የባለቤትነት ደብተር አላወጣም። ያወጣው የየመን ሳህን፣ የግብፅ ሳንቲም፣ የቀይ ባሕር ዛጎልና የቻይና ሸክላ በአንድ መንደር ውስጥ ነው። ከዚህ ክምር ውስጥ አንድ ነጠላ ሕዝብ ብቻ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ከማስረጃው አብዛኛውን መጣል ይኖርበታል። ተማሪዎቼን የምለምናቸው፣ ወደ ሐርላ ስትሄዱ የአያታችሁን ቤት ብቻ ልትፈልጉ አትሂዱ፤ የአያታችሁን ጎረቤት ቤትም ፈልጉ እያልሁ ነው።

አሁን ቃሌን ጠብቄ ወደ ገሉ ልመለስ።

ባለፈው ጉብኝታችን አንድ ተማሪዬ ከእርሻ ዳር ትንሽ ቀይ ዶቃ አገኘ። ዝቅ ብሎ አነሣት፤ ወዲያው ግራ ቀኝ አይቶ ኪሱ ከተታት። እኔ አላየሁም። ያዩት የእርሻው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪውን አልተቆጡትም፤ ወደ እኔ መጥተው በኦሮምኛ ተናገሩኝ። ከተማሪዎቹ አንዷ ተረጎመችልኝ። «ልጄ፣ የመጣው ሁሉ አንዳንድ እየያዘ ይሄዳል። እኛ ነገ ለልጆቻችን ምን እናሳያለን?» ነበር ያሉት። አፈርሁ። ተማሪውን በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት፤ ዶቃዋንም ካነሣበት ቦታ እንዲመልስ አደረግሁ። የቦታውን ክብር ስለ መጠበቅም ረጅም ምክር ሰጠሁ። አመሻሹ ላይ ቢሮዬ ገብቼ ስቀመጥ ይህ ገል ከጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ተመለከተኝ። የዚያ ልጅ ሌብነት ግማሽ ሰዓት ቆየ፤ የእኔ ግን ስንት ዓመት!

ምንድን ነው የወሰድሁት? ገሉ በገበያ ዋጋ የለውም። የወሰድሁት ሌላ ነገር ነው። በቢጫ ላይ ጥቁር የተሣለባቸው ሸክላዎች ከየመን የመጡ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ይህም ከእነርሱ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን ከየትኛው እርሻ ዳር አነሣሁት? አላስታውስም። መስጊዱ አጠገብ ቢሆን አንድ ነገር ይነግረን ነበር፤ ጌጥ ሠሪው ዘንድ ቢሆን ሌላ፤ ከማዕድ ቤት አመድ አጠገብ ቢሆን ደግሞ ሌላ። ከእርሱ ጋር የነበረው አጥንት፣ ከሰል፣ ዶቃ ምን ነበር? ከሰሉ ቢኖር ዘመኑን ልናውቅ እንችል ነበር። በሐድሪያን ግንብ አጠገብ ቪንዶላንዳ በተባለ ምሽግ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስስ እንጨት ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ አንዱ አንዲት የአዛዥ ሚስት ወዳጇን ለልደት ቀኗ የጠራችበት ነው። ያች ሴት ዛሬ በስሟ የምትታወቀው ደብዳቤው እስከ ቁፋሮው ቀን ድረስ በወደቀበት ጭቃ ውስጥ ስለቆየ ነው። ከሐርላ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለንም። የሐርላ ሰዎች የተውልን ደብዳቤ የዕቃዎቹ አቀማመጥ ነው፤ ምን ከምን ጋር፣ ምን ከምን በታች እንደሆነ። እኔ ከዚያ ደብዳቤ ላይ አንድ ቃል ቆርጬ ወሰድሁ። ቃሉ በእጄ አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አጥፍቼዋለሁ። «ከየት ነው?» ሲሉኝ «ከሐርላ» የምለው ለዚህ ነው፤ ከዚያ የበለጠ የምለው የለኝም።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚም ቢሆን ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ባለበት ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዛል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ለጎብኚ ግን ከሕጉ በፊት የሚቀድም ሥርዓት አለ፤ የሰው ቤት የገባ እንግዳ ሥርዓት። ሐርላ ባለ አጥር ሙዚየም አይደለችም፤ ሰዎች የሚያርሱባት፣ የሚያገቡባት፣ የሚሞቱባት መንደር ናት። ስለዚህ ስትሄዱ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅዱ። አስጎብኚያችሁን ከዚያው ከመንደሩ ውሰዱ፤ የድካሙንም ዋጋ ክፈሉ። በተቆፈረ ጉድጓድ ጠርዝና በግድግዳ ላይ አትቁሙ። መቃብር መቃብር ነው፤ 800 ዓመት ስላለፈው መቀመጫ አይሆንም። ያገኛችሁትን ነገር ሳታነሡ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ቦታውን መዝግቡ፤ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። በካቡ ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ ብታዩ ገበሬውን አትክሰሱት። የሐድሪያንን ግንብ ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ያስገባው እንግሊዛዊ ገበሬም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም። ያን መናገር የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዕዳ ነው። መናገርም ብቻ ሳይሆን፣ ቦታው ቢጠበቅ የሚገኘው ገቢ ድንጋዩን በሚጠብቁት ሰዎች እጅ እንዲገባ መሥራት አለብን። ከቁፋሮው የተገኘው በከፊል በመንደሩ ሰዎች በሚመራ የቅርስ ማዕከል እንዲታይ የተወሰነውም ይህንኑ በማሰብ ነው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ነገ ጠዋት ይህን ገል ለቅርስ ጉዳይ ኃላፊዎች አስረክባለሁ። አብሮት የሚሄድ አንድ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ በወረቀቱም ያገኘሁበትን ቦታ በሚለው መስመር ላይ «ሐርላ፤ ትክክለኛው ሥፍራ በአንሺው ጥፋት የጠፋ» ብያለሁ። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ሄጄ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ድንጋዮቹን ያነሡት ግዙፋን አለመሆናቸውን በትምህርት ማስረጃ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ እርሳቸው ፈገግ ብለው ዝም ይሉኛል። በዚህ ጊዜ ግን የምነግራቸው ስለ ድንጋዮቹ አይደለም። ከእርሻቸው ዳር ገሉን ያነሣው እኔ መሆኔን ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ገሉን ለማየት የምትፈልጉም ቅረቡ። ዛሬ ማታ ብቻ ነው እኔ ዘንድ የሚያድረው።